የደፈንኳቸው አሥራ ስምንት ቀዳዳዎች

ደብረ ማርቆስ
መጋቢት 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ለሞተ ሰው እንዲህ ተብሎ እንደማይጻፍ አላጣሁትም፤ ግን ሰላም ሳልልዎ ወሬ ብጀምር «ያልተቀጣሽ!» የሚሉኝ መሰለኝ። ይህን ደብተር የሰጠችኝ ሔዋን የምትባል፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጣች መሐንዲስ ናት። «እትዬ ሥራነሽ፣ አባትዎ ስለሠሩት ግንብ የሚያውቁትን ሁሉ ይጻፉልኝ» አለችኝ። ለእሷ የሚሆናትን በሁለት ገጽ ጨረስኩት። የተረፈው ወረቀት የእርስዎ ነው።

ወንዙ ደኅና ነው። እንደ ድሮው ከገበያው በላይ ይገባና፣ ከመንገዱና ከሱቆቹ ሥር እርስዎ በድንጋይ በገነቡለት ዋሻ ሄዶ፣ እኛ ቤት አጠገብ ይወጣል። የዋሻው የብረት በር ቁልፍም እኔው ጋ፣ የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። ማዘጋጃ ቤት ስንት ሹም ሲቀያየር ቁልፉን የጠየቀኝ አንድም የለም። ዋሻው ግን አርጅቷል አባባ። ባለፈው ክረምት መንገዱ ከላይ ሰመጠና አንድ ባጃጅ የፊት ጎማውን ቀብሮ ቀረ። ሰው አልተጎዳም። ባለሙያዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስት ናቸው። ሔዋን ግንቡን ታያለች። ፍቅረ ሥላሴ የሚባል ቀጭን፣ ሳቅ የማያውቅ ሰውዬ ደግሞ ከአዲስ አበባ መጥቶ አፈሩንና ድንጋዩን ይመረምራል። የውሃውን ነገር የያዘው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ውበቱ! የጎረቤታችን ልጅ፣ ያ ሽምብራችንን እየነቀለ ይበላ የነበረው። የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ጡረታ ሊወጣ ደርሷል። ራሱ ላይ ቢጫ የፕላስቲክ ቆብ ደፍቶ «ወይዘሮ ሥራነሽ፣ በሩ ይከፈትልን» ሲለኝ ሳቄ አይቆምም።

መጀመሪያ ላይ አይስማሙም ነበር። አንዱ የለካውን ሌላው እንደገና ይለካዋል። ቅቅል ድንችና አዋዜ ይዤላቸው ስሄድ ብቻ ነው ሦስቱም አንድ ድንጋይ ላይ የሚቀመጡት። ውበቱ «ይህን ግንብ ያቆመው የሥራነሽ ድንች ነው» ይላል አፉን ሞልቶ።

አንድ ቀን ድንቹን እያቀረብኩ የሚሉትን ሰማሁ። የምሥራቁ ግንብ ወደ ውስጥ አብጧል። በዚህ ዓይነት ሁለት ክረምት አይችልም፤ ዋሻው በሙሉ ፈርሶ ቱቦ ቢቀበርበት ይሻላል የሚል ሐሳብ ከበላይ መጥቷል። ፍቅረ ሥላሴ ድንቹን እየላጠ እንዲህ አለ፦

«የገረመኝ ይህ ነው። የምዕራቡ ግንብ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። የምሥራቁ ደረቅ ነው፤ እሱ ነው ያበጠው። ገንቢው በዚህ በኩል የውሃ መውጫ ቀዳዳ መተው ረስቷል። ከጀርባው ያለው ውሃ መሄጃ አጥቶ ግንቡን እየገፋው ነው።»

«ማ? ጋሼ አካለ ወልድ?» አለ ውበቱ። «እሳቸው ምሳቸውን ይረሳሉ እንጂ ቀዳዳ አይረሱም!»

«ታዲያ የታለ? አሳየኛ!»

ሦስቱም ግንቡን አዩ። እኔ ሳህኑን አየሁ።

ይኸው መጣሁልዎ አባባ። የምነግርዎ ይህ ነው።

እርስዎ ነሐሴ 90 ላይ ባረፉ ጊዜ፣ በአርባዎ ቀን ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ ባዘዘው የሚባለው እንጨት ነጋዴ፣ ጠላውን ጨልጦ፣ እኔ ከኋላው መቆሜን ሳያይ «ነፍሱን ይማረውና የአካለ ወልድ ግንብ እኮ እንደ ወንፊት ያፈሳል» አለ። አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ክፋት የለበትም፣ የድንኳን ወሬ ነው። እኔ ግን ውስጤ ገባ። እርስዎ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ሽቦ ይዘው ብቻዎን ዋሻው ውስጥ ሲገቡ፣ እነዚያን ቀዳዳዎች ሲጎረጉሩ አይ ነበር። ሲወጡ ምንም አይሉም። የሥራዎ ጉድለት ሆኖብዎ፣ አፍረውበት ይመስለኝ ነበር! እንዲህ አስቤ ስንት ዓመት አዘንኩልዎ መሰለዎ። ጠይቄዎ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት? እርስዎስ «ልጄ፣ ይህ እንዲህ የሚሆነው ለዚህ ነው» ቢሉኝ?

በዓመቱ ግንቦት፣ ወንዙ ሲቀጥን፣ ግማሽ ኩንታል ሲሚንቶ ገዛሁ። የእርስዎን የግንበኛ ማንኪያ ይዤ ሦስት ቅዳሜ ገባሁ። በምሥራቁ በኩል ያሉትን አሥራ ስምንቱን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ደፈንኩ፤ ከላያቸውም ለሰንኩ፤ ድንጋዩን እንዲመስል ጭቃ ቀባሁት። ወደ ምዕራቡ ልሻገር ስል ሲሚንቶው አለቀብኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አለቀብኝ! የምሥራቁ ግንብ ደረቀ። «ይኸው የአካለ ወልድ ግንብ ማፍሰሱን ቀነሰ» ተባለ፤ እኔም ደስ ብሎኝ መቃብርዎ ላይ መጥቼ ነገርኩዎ። ትዝ ይልዎታል? አበባ ይዤ የመጣሁ ጊዜ።

የፍቅረ ሥላሴን ነገር የሰማሁ ቀን ሳህኔን ሰብስቤ ወደ ቤት ገባሁና ሁለት ቀን በሩን ብቻ እየከፈትኩላቸው ተመለስኩ። የደንበኛዬን ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት። ለባለሙያዎቹ ብናገር ይቀጡኝ ይሆናል፤ ከተማው ሁሉ ይስቅብኛል። ዝም ብል ደግሞ «ገንቢው ረስቷል» ተብሎ ተጽፎ ይቀራል፤ ግንብዎም ይፈርሳል። በሦስተኛው ቀን ነጠላዬን ደረብኩና ሄድኩ።

«አባቴ አልረሱም» አልኩ። «እኔ ነኝ የደፈንኩት።»

ውበቱ የምቀልድ መስሎት ሊስቅ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው። ፍቅረ ሥላሴ ወረቀቱን አስቀመጠ። «ሴትዮ፣ ይህ በሕግ ሊያስጠይቅ የሚችል ነገር መሆኑን ያውቃሉ?» አለኝ።

«አውቃለሁ ጌታዬ። አስቀድማችሁ ግን ቀዳዳዎቹን ክፈቱልኝ።»

ሔዋን እጄን ያዘች። እጇ እንደ ወንድ እጅ ሻካራ ነው፤ እርስዎ ቢያይዋት ይወዷት ነበር። «ቦታቸውን ያስታውሱታል?» አለችኝ።

«ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ? በዚህ ሁሉ ጭቃ ሥር?» አለ ውበቱ። «የትናንቱን ገበያ የምትረሳ ሴት!»

ይህን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ምሳዎን ሳመጣልዎ «ሜትሬ፣ ነይ ቁሚ!» ይሉኝ ነበር። ግንቡ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ፤ አናቴ ላይ በከሰል ያሰምራሉ፤ ቀዳዳው እዚያ ይሆናል። ከዚያ እጆቼን እዘረጋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ስዘረጋ የሚቀጥለው ቀዳዳ ነው። ለሠራተኞቹ «የእኔ ሜትር አይታጠፍም፣ አይጠፋም» ይሉላቸው ነበር። ምናልባት ያን ጊዜ ለምን እንደሚሆን ነግረውኛል፤ እኔ ግን ከረሜላውን ብቻ ነው የማስታውሰው።

ወደ ምሥራቁ ግንብ ሄድኩ። ብቆም በለጥኩት፤ ቀዳዳው ደረቴ ላይ ሊውል ነው። ስለዚህ ቀሚሴን ሰብስቤ ውሃው ውስጥ ተንበረከክኩ። ጀርባዬን ለግንቡ ሰጠሁ። አባባ፣ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴም እንደ አሮጌ በር ይጮኻል። ግን ተንበርክኬ ልክ ሰባት ዓመቴ ሆንኩ።

«አናቴ ላይ አስምሪ» አልኳት ሔዋንን። ጠመኔ አውጥታ አሰመረች። ማንም አልሳቀም።

ወዲያው ግን አልመቱትም። ሔዋን «ግንቡ መጀመሪያ ይደገፍ፤ በድንገት ብንነካው ሊወርድብን ይችላል» አለች። ሁለት ቀን ሙሉ የባሕር ዛፍ አጣና ሲያቆሙ ዋሉ፤ ፍቅረ ሥላሴም እጅጌውን ሰብስቦ ተሸከመ። ከዚያ የእርስዎን መሮ አመጣሁላቸው። ውበቱ መታ፤ ደረቅ ሲሚንቶ ረገፈ። ደግሞ መታ፤ አሁንም ደረቅ። «ሥራነሽ፣ ቁመትሽ አድጎ ነው እንዴ?» አለኝ። በሦስተኛው ቀይ ጭቃ ተፍ አለበት፤ ከዚያ ቀዳዳው አጉረመረመና ውሃው ፊቱ ላይ መጣ። ውበቱ ወደ ኋላ ወንዙ ውስጥ ዘፍ አለ! ያ ሳቅ የማያውቀው ሰውዬ ቆቡን አውልቆ እስኪያስነጥሰው ሳቀ። እኔ አለቀስኩ ልበልዎ? እየሳቅኩ ነበር፤ ፊቴ ግን ርሶ ነበር።

ሁለተኛውን እጆቼን ሁለት ጊዜ ዘርግቼ አገኘሁት፤ ለክንዴ ማደግ ሔዋን በወረቀት አስልታ ቀነሰችልኝ። እስከ ትናንት አሥራ ስምንቱም ተከፍተዋል። ሦስቱ ተስማምተዋል፦ ያበጠው ቦታ ተፈትቶ በራሱ ድንጋይ ይጠገናል፤ የቀረው አይፈርስም። ፍቅረ ሥላሴ ሪፖርቱ ላይ «ገንቢው ረስቷል» የሚለውን ራሱ ሰርዞ፣ ስምዎን ከነአባትዎ ስም ጠይቆ ጻፈው።

ሔዋን ቀስ ብላ «የደፈነውን ሰው ስም ልተወው?» አለችኝ። «አይሆንም፣ ጻፊው» አልኳት። «ስትጽፊው ግን፣ ልጃቸው መሆኔን አትርሺ።» ስለ ሕጉ እስካሁን የጠራኝ የለም፤ ቢጠሩኝም ይህንኑ እላለሁ።

አባባ፣ ከእንግዲህ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ሽቦዎን ይዤ እገባለሁ። ብቻዬን አይደለም፤ ውበቱንም አስከትዬ፣ የሚጠይቀኝ ካለም ለምን እንደሆነ እየነገርኩ። ሳረጅ ቁልፉን ለማን እንደምሰጥ ገና አላሰብኩበትም፤ ለሚጠይቅ ሰው እሰጠዋለሁ።

ይቅር ይበሉኝ። አሁን ልተኛ አልልዎም፣ ገና ቀን ነው፤ በመስኮቱ ግንብዎ ሲያንጠባጥብ ይሰማኛል። ያን ድምፅ ጠልቼው ነበር።

ተንበርክካ ልክዎ የሆነችው፣
ሜትርዎ ሥራነሽ