ለሁለት ልጆች የተሳልሻት ላዳ

ሰባተኛ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የገዳሙ ብርድ በዚህ ክረምት በረታብሽ ወይስ ለመድሽው? ያ ሳልስ ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም ሰው እንዳይሰማሽ አፍሽን በነጠላ ይዘሽ ነው የምትስይው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እጄም እግሬም ሙሉ ነው፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ብቻ አልቻልኩም። ይህችን እስክጽፍ እንኳ አራት ጊዜ ተነስቼ ወጥቻለሁ። እትዬ ውባንቺ አሁን ቆብ የደፋሽ መነኩሲት ስለሆንሽ እማሆይ ብዬ እንድጀምር፣ አንቱ ብዬ እንድጽፍ መክረውኝ ነበር። ሞከርኩት። ለማላውቃት ሴትዮ የምጽፍ መሰለኝና ሁለት ወረቀት ቀድጄ ጣልኩ። አንቺው ሁኚልኝ።

አናቱ ላይ ሰባተኛ ብዬ የሰፈራችንን ስም የጻፍኩት ተሳስቼ አይደለም። ቤት ነኝ፣ እማ። እዚያው ግቢያችን፣ ያችው ክፍላችን ውስጥ ነኝ። ከዓረብ አገር እስር ቤት አውጥተው በአውሮፕላን ከመለሷቸው ሰዎች መሀል ነበርኩ። የመጣሁት በኅዳር ነው። ስምንት ወር አልፎኛል። አንቺ እዚያ ሆነሽ ልጆቼን መልስልኝ እያልሽ ስትሰግጂ፣ እኔ የአንድ ቀን መንገድ ላይ ተቀምጬ የብረት ዝገት ስፈቀፍቅ ነበር። ይህን ስጽፍልሽ ፊቴ እየተቃጠለ ነው። ብትቆጪኝ አይከፋኝም፤ ብትረግሚኝም የእጄን ነው ያገኘሁት። ብቻ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው፤ ለማንም አታስነብቢ።

ስለ ወንድሜ ስለ ቢኒ ትጠይቂኛለሽ። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ መኪናዋ ልንገርሽ።

ከአውሮፕላን ወርጄ ግቢ ስገባ ፊት ለፊቴ ያገኘሁት የአባዬን ላዳ ነው። ሸራዋ ተቀዳዷል፣ ጎማዎቿ መሬት ነክተዋል፣ የእትዬ ውባንቺ ዶሮ ጋቢናው ውስጥ እንቁላል ጥላለች። ፓራፋንጎውን፣ የጎማውን ጭቃ መከላከያ፣ በጣቴ ብነካው እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። እንደዚያም ሆና ደስ አለችኝ። ባዶ እጄን ነው የመጣሁት፤ በላስቲክ ከረጢት አንድ ሱሪና አንድ ብርድ ልብስ። በቃ፣ እሷን ሠርቼ፣ ኮንትራት ይዤባት እንጀራ እበላለሁ አልኩ። እትዬ ውባንቺ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው አልቅሰው ሳይጨርሱ፣ እሷማ የተክለ ሃይማኖት ናት አሉኝ። ሁለቱን ልጆቼን በሰላም ካስገባህልኝ የባሌን መኪና አስገባልሃለሁ ብለሽ መሳልሽን ያኔ ሰማሁ።

እማ፣ ሰው ጃንጥላ ይሳላል። ሰው ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ጧፍ ይሳላል። አንቺ ላዳ ተሳልሽ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ተክለ ሃይማኖት በላዳ የት ሊሄድ ነው ብዬ። በኋላ ግን ተናደድኩብሽ። በመኪናዋ አይደለም። ሁለታችንን በአንድ ስለት ለምን አሰርሽን? ለየብቻ ብትሳይልን ምን ነበረበት? ለእኔ ጃንጥላ ይበቃኝ ነበር። ጃንጥላዬን አስገብቼ፣ መጥቻለሁ ብዬ በማግስቱ እግርሽ ላይ እወድቅ ነበር።

እትዬ ውባንቺ ዕንባቸውን ጠርገው ቢኒስ አሉኝ። ቢኒ ሥራ ይዟል፣ እዚያው ቀርቷል፣ ደህና ነው አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ደክሞኝ ነበር፣ ሰው ከቦኝ ነበር፣ ነገ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር። አንድ ጊዜ ካልኩት በኋላ ግን ወሬው የእኔ መሆኑ ቀረ፤ የግቢው ሆነ። ከዚያ ወዲያ በር ላይ ያገኘኝ ሁሉ ቢኒ እንዴት ነው ይለኛል፣ እኔም ደህና ነው እላለሁ። አንዳንዴ ሰላም ብሏችኋል እላለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚል? ላንቺ እንዳይነግሩሽ ደግሞ ሌላ ውሸት ጨመርኩበት። መኪናዋን ሠርቼ፣ ስለቷን ራሴ አስገብቼ፣ ከዚያ ድንገት ሄጄ ላስደስታት አልኳቸው። እሳቸው ደግ ናቸው፤ አምነው አፋቸውን ያዙልኝ።

ስለዚህ ሥራ ጀመርኩ። እጄ ሥራ ሲይዝ ጭንቅላቴ ትንሽ ይተወኛል። አባዬ የእትዬ ውባንቺን የጠላ አተላ በባልዲ እየለመነ ሲያመጣ፣ አንቺ ሰው ምን ይለናል እያልሽ ስትነታረኪው ታስታውሻለሽ? እኔም እንደሱ አደረግኩ። ቡሎኑን፣ ቸርኬውን፣ የሚፈታውን ሁሉ ፈትቼ በአተላ በርሜል ዘፈዘፍኩት። ሦስት ቀን ከተዘፈዘፈ ዝገቱ እንደ ጭቃ ይለቃል፤ ከዚያ በሽቦ ብሩሽ መፈቅፈቅ፣ በአመድ ማሸት፣ ማጠብ፣ አድርቆ ወዲያው የተቃጠለ ዘይት መቀባት ነው። ወዲያው ካልተቀባ በማግስቱ መልሶ ይቀላል። የግቢው ሰው በጠረኑ ተማሯል፤ ለስለት ነው ተብሎ ነው የታገሰኝ።

ሐምዱን ታውቂዋለሽ፣ የወሎዎቹን ልጅ፣ አብሮኝ ያደገውን። አሁን ምን አለሽ ተራ የራሱ ቦታ አለው፤ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ ይሠራል። የመኪናዋ ወለል በዝገት ተበልቶ አልቆ ነበር፤ አንድ የዘይት በርሜል ሰንጥቆ፣ ቀጥቅጦ ዘረጋውና በየደልኝ። አባዬ እግሩን ያሳርፍበት የነበረው ቦታ አሁን በርሜል ነው። ሐምዱ ታዲያ ከአተላ የወጣ ብረት በእጁ አይነካም፤ ሐራም ነው እያለ በፒንሳ ነው የሚይዘው። አንድ ቀን በርሜሉ ተንጋዶ ሱሪው ላይ ቢረጭበት እስከ ማታ አኮረፈኝ። እንዲህ እየተሳሳቅን፣ እየተነታረክን ሥራው ሄደ። ሥራው መሄዱ ነው ያስፈራኝ።

አራቱ ቸርኬዎች በሚያዝያ አልቀው ነበር። ጥርት ብለው ነበር። ዘይት ሳልቀባቸው ግድግዳው ሥር አቆምኳቸው። ረሳሁ አልልሽም፤ አልረሳሁም። ዝናብ መጣ፣ በማግስቱ ቀልተው አገኘኋቸው፣ እፎይ አልኩ። እንደገና ዘፈዘፍኳቸው፣ እንደገና አጸዳኋቸው፣ እንደገና ሳልቀባ አቆምኳቸው። ቡሎኖቹንማ ሳምንት ሙሉ አተላው ውስጥ ተውኳቸው፤ ዝገቱን ጨርሶ ብረቱን በላው፣ ጥርሳቸው አለቀ፣ ሌላ ፍለጋ ምን አለሽ ተራ ስዞር ሰነበትኩ። ደስ እያለኝ ነው የዞርኩት። መኪናዋ ካለቀች ስለቱ ይገባል፤ ስለቱ ከገባ ሁለቱም ልጆቿ በሰላም አሉ ማለት ነው። ለእትዬ ውባንቺ መዋሸት አንድ ነገር ነው። ታቦት ፊት ቆሜ ያንኑ እንድደግም ሊያደርጉኝ ነው።

ግንቦት ላይ ሐምዱ ነቃብኝ። ይህን ቸርኬ ስታጸዳ ሳይህ ሦስተኛዬ ነው፣ ዘይት አጥተህ ነው ወይስ አብደህ ነው አለኝ። ዘይት አለኝ አልኩት። ታዲያ ምን ሆነሃል አለኝ። እዚያው አዲሱ ወለል ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኩት። ባሕሩን ሁለታችንም በደህና ተሻግረን እንደነበር፣ ከባሕሩ ወዲያ ስላለው የእግር መንገድ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ውኃው ስላለቀበት ቀን። ሐምዱ መዶሻውን መሬት አስቀመጠ። ሁለት እጁን ዘርግቶ በዓረብኛ የሆነ ነገር አለና ፊቱን አበሰ። ያን መንገድ ላንቺ በወረቀት አልጽፍልሽም። ፊትሽ ቁጭ ብዬ እነግርሻለሁ። በማግስቱ ሐምዱ መጥቶ ቸርኬዎቹን ከበርሜሉ አወጣቸው፤ ፒንሳውን ትቶ በእጁ። አጠባቸው፣ አደረቃቸው፣ ዘይቱን ራሱ ቀባቸው። እኔ ቆሜ አየሁት።

ከዚያ ወዲህ የማመካኝበት አልተገኘም። ባለፈው ሐሙስ፣ በሃያ አራት፣ ባትሪ አስረን ቁልፉን አዞርኩ። ሁለት ጊዜ አጉረመረመች፣ በሦስተኛው ተነሳች። ግቢው በጭስ ተሞላ። እትዬ ውባንቺ ከጓዳ ወጥተው እልል አሉ፣ ሌሎቹም ተቀበሏቸው። ስለቷ ሰመረላት፣ ሁለት ልጆቿን አተረፈላት ይላሉ። አንዷ ደግሞ ለቢኒ ደውልለትና የሞተሩን ድምፅ አሰማው አለችኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ወጣሁ። በእግሬ እስከ ተክለ ሃይማኖት ሄድኩ፣ በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። ተሸካሚው ሁሉ ዞር በል እያለ ሲገፋኝ ዋለ። ዓርብ ጠዋት እትዬ ውባንቺ ለፍልሰታ ሱባኤ ማክሰኞ ወደ አንቺ እንደሚመጡ ነገሩኝ። ይህንን ደስታ ታቅፌ እናትህ ፊት ዝም ልል አልችልም፣ ወይ ጻፍላት ወይ በአፌ እነግራታለሁ አሉኝ። በአፋቸው የሚነግሩሽ እኔ የሰጠኋቸውን ውሸት ነው። እልል ብለሽ እንድትቀበያቸው አልፈለግኩም። ለዚህ ነው ጽፌ በእጃቸው የላኩልሽ።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ የአባዬ የነፍስ አባት ወደነበሩት ቄስ ሄድኩ። ግማሽ የደረሰ ስለት ይገባል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳልጨርስ ገባቸው መሰለኝ፣ ክንዴን ይዘው ወደ ጥጉ ወሰዱኝ። ስለቱ የእናትህ ነው፣ መኪናዋ ትግባ አትግባ የምትለው እሷ ናት፣ አንተ ግን ሳትነግራት እንዳትውል እንዳታድር አሉኝ። ከዚያ ትንሽ ደብተር ከኪሳቸው አወጡ። የእኔን የክርስትና ስም ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፣ ጻፉት። ቀጥለው የወንድምህስ አሉኝ።

ቢኒ አልኳቸው። እሱማ የሰፈር ስሙ ነው አሉ። ቢንያም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለዚህ ጸሎት የክርስትና ስሙ ካልሆነ አይሆንም አሉኝ። እማ፣ አላውቀውም። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን አድገን፣ ያን ሁሉ መንገድ ጎን ለጎን ሄደን የወንድሜን የክርስትና ስም አላውቀውም። እዚያ በረሃውም ላይ አብረውን የነበሩት ልጆች ሊጸልዩ ስሙ ማን ነው ሲሉኝ፣ ቢኒ ነው ያልኳቸው። በቢኒ ነው የጸለዩት።

በአርባ ቀኑ ክርስትና ያስነሳሽው አንቺ ነሽ። ከአንቺ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም። ስሙን በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ፣ አጥፈሽ ለእትዬ ውባንቺ ስጫቸው፤ ሳምንት ሰንብተው ይመለሳሉ። ለምን እንደሆነ ቢጠይቁሽ ዝም በያቸው፤ ውሸቱ የእኔ ነው፣ እውነቱንም እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። ቄሱ ገጹን ክፍት ትተው እየጠበቁኝ ነው።

ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ በአባዬ መኪና እመጣለሁ። እስከዚያ ጉልበትሽን አሙቂ፣ ቆሎም ቢሆን ቅመሺ፤ በባዶ ሆድሽ አትስገጂ። የገዳሙ እናቶች ካንቺ አይራቁ። ጸሎትሽ አይለየኝ። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

የመጀመሪያ ልጅሽ