ቆርጦ ቀጥል

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጥር 14 ቀን

ለጥድፊያዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጃችንስ? የልጅ ልጃችንስ? ጉልበትሽ ብርዱን ቻለው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ ለወጉ ያህል አይደለም፤ እውነትም የሚያመኝ ቦታ የለም። ጥርስሽን ሊነቅሉሽ መርፌ የወጉሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ከንፈርሽን በጣትሽ እየነካካሽ "አለ እንዴ?" ስትዪኝ ነበር። እኔም ሰሞኑን እንደዚያው ነኝ። አለሁ፤ መኖሬን ግን እየነካካሁ ነው የማረጋግጠው።

በስልክ ያልነገርኩሽ በስልክ ስለማይሆንልን ነው። ወሬው ሞቅ ሊል ሲል ወይ ልጁ ያለቅሳል ወይ ድስቱ ይገነፍላል፤ አንቺም "መጣሁ" ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። ደብዳቤውንም ፍላሽ ዲስኩንም የምታደርስልሽ የልጃችን የሥራ ባልደረባ ናት፤ ለእረፍት መጥታ ቅዳሜ ትመለሳለች። ዲስኩ ላይ ሁለት ፊልም አለ። የመጀመሪያው አንቺ ያዘዝሽኝ ነው። የሁለተኛውን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

"ቤቱን ክፍል በክፍል ቅረጸውና አሳጥረህ፣ አሳምረህ ላክልኝ" ስትዪኝ ደስ አለኝ። ቤቱ ናፍቋት ነው አልኩ። ልጃችን ስትወልድ ለሦስት ወር ልታርሻት ብለሽ ከሄድሽ አራት ዓመት አለፈ፤ ሰው የገዛ ቤቱ ቢናፍቀው ምን ይገርማል? በማግስቱ ተላጭቼ፣ ደህናውን ሸሚዜን ለብሼ ስልኩን መደርደሪያ ላይ እያስደገፍኩ መቅረጽ ጀመርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ቧንቧ ስሠራ የኖርኩ ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ። ቤቱ ከአክስትሽ የወረስሽው፣ ያንቺ ነው፤ በግድግዳው ውስጥ የሚሄደው ቧንቧ ግን የኔ ነው ስልሽ ትስቂብኝ ነበር። ቀረጻው ላይ ያንን ሁሉ አስረዳሁ። ይሄ ሙቅ ውሃው የሚሄድበት ነው፣ ይሄ በክረምቱ የቀየርኩት መታጠፊያ ነው፣ ይሄኛው መዝጊያ ጠበቅ ሲል ገፋ እያደረጉ ነው የሚያዞሩት። ጨርሼ ሳየው ረጅም፣ አሰልቺ ነገር ሆኗል። ግማሹ ጣቴ ነው፣ ግማሹ ማጅራቴ።

ማሳጠሩን ስላልቻልኩበት የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ዘንድ ሄድኩ። ያ ፈገግታ የምንለው፣ ሰውን ሁሉ ፈገግ በሉ እያለ ኖሮ እሱ ራሱ አንድ ቀን ስቆ የማያውቀው። ገና ከበሩ "ቪዲዮ ቆርጬ የምቀጥልበት ርካሽ ፕሮግራም ፈልግልኝ" ስለው ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ በስተርጅናህ ቆርጦ ቀጥል ልትሆን ነው? አለኝ። ውሸት ከኔ አፍ እንደማያምር ስለሚያውቅ ነው የቀለደው። ለእንጀራ ነው ወይስ ለራስህ ብሎ ጠየቀኝ። ለራሴ ነው፣ ለቤት ነው አልኩት። ለቤት ከሆነማ ገንዘብህን አትበትን አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፕሮግራም መራጭ ሆኜልሻለሁ። የመጀመሪያው ነጻ ነው ተባለ። ሲያዩት ያምራል፣ ለመልመድም ቀላል ነው። ደስ ብሎኝ ሳሎኑን ቆርጬ፣ አሳምሬ፣ አስወጣው ስለው ሶፋችን ላይ እንደ መሥሪያ ቤት ማህተም ስሙን መታበት። ማህተሙ እንዲነሳ መክፈል አለብሽ። ፈገግታ ሲሰማ አልገረመውም። ማህተሙ ሁልጊዜ የሚወጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ መጀመሪያ አጭር ነገር ሠርተህ አስወጥተህ ሞክረው ብሎ መከረኝ። ምክሩ ጥሩ ነበር፤ ቀደም ብሎ ቢሰጠኝ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነበር።

ሁለተኛው ወር በወር የሚከፈልበት ነው። ለሰርግ ቀራጮች ያዋጣቸው ይሆናል፤ ለኔ ግን ፊልሜ ሲያልቅ ኪራዩ የማያልቅ ነገር ሆነብኝ። ለሙከራ ገብቼ ለመውጣት ስፈልግ ማቆሚያውን አጣሁት። መዝጊያ የሌለው ቧንቧ ዘርግቼ አላውቅም፤ ተናድጄ ተውኩት። ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ነጻ፣ ማህተምም የሌለው፣ ትልልቅ ፊልም ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ነው ተባለ። ልጃችን ትታው የሄደችው ኮምፒውተር ግን ፕሮግራሙን ሲያይ እንደኔ ደረጃ ላይ እንደሚወጣ ሰው ያለከልክ ጀመር፤ ማራገቢያው ጮኸ ጮኸና ቀጥ አለ። በመጨረሻ ያገኘሁት አንድ ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ በጎ ፈቃደኞች የሠሩት። ነጻ ነው፣ ማህተም አይመታም፣ አሮጌ ማሽን አይጠላም። አንዳንዴ ሳይነግርሽ ይዘጋል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ሴቭ ማድረግ ነው። መልኩ አያምርም። እኔም አላምርም። ተግባባን።

አንድ ነገሩን ወደድኩለት። እኛ ሙያ ላይ የተቆረጠ ቧንቧ ተቆረጠ ነው። እዚህ ግን የቆረጥሽው አይጠፋም፤ ዋናው ቀረጻ እንዳለ ይቀመጣል፤ ቁራጩንም ጥግ ላይ ልታቆዪው ትችያለሽ፣ ስትፈልጊው እንድትመልሺው።

ስቆርጥ ነው እንግዲህ አንድ ድምፅ የሰማሁት። ወጥ ቤቱ መጨረሻ ላይ "መጣሁ" የሚል ሰው አለ። መኝታ ቤቱ መጨረሻ ላይም አለ። መታጠቢያ ቤቱም ጓሮውም። መጀመሪያ ጎረቤት መሰለኝ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስሰማው እኔው ነኝ። ከክፍል በወጣሁ ቁጥር መጣሁ እላለሁ፣ ቤቱ ውስጥ ማንም ሳይኖር። ካንቺ የተጋባብኝ ነው። ያን ጊዜ የልጅ ልጃችን በስልክ "አያቴ መጣሁ ትልና ትሄዳለች" ብሎ ሲስቅብሽ፣ ልጅ ምን ያውቃል ብለን አብረን ስቀን ነበር። ልጁ ልክ ነው።

ሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አንድ ጎልማሳ ሰው ቆሟል፣ ትሁት፣ ጫማው የተወለወለ። ደላላ ነኝ አለ። ባለቤትዎ ቪዲዮው ካለቀ ከርስዎ እንድወስድ ነግረውኛል፣ ገዢዎች እየጠየቁኝ ነው አለ። ምን ገዢ አላልኩትም። ግባ አልኩት። ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኩትና እስከዚያ የደረስኩበትን ከፈትኩለት። ሲያይ ቆየና ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ጋሼ፣ ቅር አይበልዎትና፣ ቪዲዮው ላይ እርስዎ በዝተዋል" አለኝ።

ቧንቧውን እያስረዳሁ ነው አልኩት።

"እሱስ ጥሩ ነበር። ግን ገዢ ቤት ውስጥ ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ መቼ ይለቃሉ ብሎ ነው። እርስዎን አውጥተው ቤቱን ብቻ ቢያስቀሩልኝ።"

እሺ አልኩት። እስከ በር ሸኘሁት። ተመልሼ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ብርጭቆ አጠብኩ። ንጹሕ ነበር፤ ካጠብኩት በኋላ ነው ያየሁት። ቁርጤን ያወቅሁት እንግዲህ እንዲህ ነው። ልናደድ ሞክሬ ነበር። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት፣ ንዴቱ አልመጣም። ላለቅስም እችል ነበር መሰለኝ፤ እሱም አልመጣም። ተነሳሁና፣ በል ሥራህን ጨርስ አልኩ።

ማክሰኞና ረቡዕን ራሴን ስቆርጥ ዋልኩ። ጣቴን ከቧንቧው ላይ አወጣሁ፣ ጥላዬን ከግድግዳው ላይ አወጣሁ። ፕሮግራሙ ድምፄን ለብቻው የሚያጠፋ ቦታ አለው፣ አንዴ ነካ ማድረግ ነው። ያስቸገረኝ የመኝታ ቤቱ ቁም ሳጥን መስታወት ብቻ ነው፤ የትም ብቆም እዚያ ውስጥ አለሁ። ኋላ ላይ እንደ አዲስ ቀረጽኩት፣ መስታወቱ እንዳያገኘኝ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ። ሲያልቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁት። እኔ ሳልኖርበት ቤቱ ሰፊ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያምራል። ደላላውም ትናንት አመሻሽ ላይ መጥቶ ወስዶ፣ እጅዎ ይባረክ ብሎኛል።

ቤቱ ያንቺ ነው፣ ሽጪው። እኔ የምከለክልበት አፍ የለኝም፤ ለምን አልነገርሽኝምም አልልሽም። ፊልሙን እንዳዘዝሽኝ ሠራሁልሽ። ስለኔ ማደሪያ እንዳትጨነቂ፣ ፈገግታ ከፎቶ ቤቱ ኋላ አንዲት ክፍል አለችኝ ብሏል። ሄጄ አይቻታለሁ፣ ቧንቧዋ ያፈሳል። እሱን አስተካክላለሁ።

ሁለተኛው ፊልም አጭር ነው። ቁርጥራጮቹ ጥግ ላይ ተከምረው ነበር፤ ፈገግታ አጥፋቸው፣ ማሽኑን ያከብዱታል አለኝ። ላጠፋቸው ብዬ ነው የከፈትኳቸው። አንዱን ካንዱ ቀጠልኩት። የወጥ ቤቱ መጣሁ፣ የመኝታ ቤቱ መጣሁ፣ የመታጠቢያ ቤቱ መጣሁ፣ የጓሮው መጣሁ። ደህና ሸሚዝ የለበሰ አንድ ሽማግሌ ካንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲወጣ ነው የምታዪው፣ ሌላ ነገር የለውም። እሱን ለደላላው አላሳየሁትም።

መጨረሻው ላይ ከአሮጌው ስልኬ ያገኘሁትን ጨመርኩበት። ኤርፖርት የሸኘሁሽ ቀን ነው። ቀዩን ሻንጣሽን እየጎተትሽ፣ ፓስፖርትሽን እጅሽ ላይ ይዘሽ ፓስፖርቴን ረሳሁ እያልሽ ስትፈልጊ፣ አግኝተሽው ስትስቂ፣ እንደ ልማድሽ ስትሮጪ። የመስታወቱ በር ጋ ስትደርሺ ዞር ብለሽ መጣሁ አልሽኝ። በሩ ተዘጋ፣ እኔ ግን መቅረጼን አላቆምኩም ነበር። ሌሎች ሰዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ያንን ለመቁረጥ ትናንት ሌሊቱን ሙሉ የፕሮግራሙን መቀስ ይዤ ተቀመጥኩ። የት ጋ እንደምቆርጠው አላወቅሁም። እንዳለ ነው ያለው።

ልጃችንን ሳሚልኝ። ለልጁ አያትህ ቪዲዮ መሥራት ቻለ በዪው፣ ማን ያምናል። ጉልበትሽን በሙቅ ውሃ ያዥው፤ እዚያ ቧንቧው ምን ዓይነት እንደሆነ አላውቅም፣ ከከፈትሽው በኋላ ትንሽ ጠብቂው፣ ሙቁ ኋላ ነው የሚመጣው። እግዜር ጤናሽን ይስጥሽ፣ ካሰብሽበት ያግባሽ፣ ያሰብሽበትም ቦታ ደግ ሰው ያግኝሽ።

ያው የቧንቧው ባለቤት፣
ባልሽ

ላሽገው ስል በሩ ተንኳኳ። በመስኮት አየኋቸው፤ ደላላው ነው፣ ባልና ሚስት ይዟል፤ ሴትየዋ ከአሁኑ ወደ ጓሮ እያየች ነው። ልክፈትላቸውና መጣሁ።