ስለተፈተሸው የድንጋይ ደወል

ለወለቃ የግንባታ ዕቃዎች ፍተሻ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
መካነ ሰላም

ቀን፦ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ፈትሼ ለሰበርሁት የደብር ደወል ምትክ ማምጫ መኪና እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ

1. «ይህ ድንጋይ የስንቱን ዱላ ቻለ! ስንት እንደሚችልስ ማን ያውቃል?» ይህን ባለፈው ሳምንት ሮብ በማዕከላችን በረንዳ ላይ ለዲያቆናቸው የተናገሩት የሾላ አፋፍ ሚካኤሉ መሪጌታ ዘማርያም ናቸው። እኔ በመስኮት ሰማሁ። በአካባቢው ድንጋይ ስንት እንደሚችል የሚያውቅ መሣሪያ ያለው እኛ ዘንድ ብቻ በመሆኑ፣ ጥያቄው ለእኔ የቀረበ መሰለኝ።

2. ባለጉዳዮቹ ለደወል ቤት ግንባታ የሚሆን አሸዋና ጠጠር ሊያስፈትሹ ነበር የመጡት። ድንጋዩን የያዙት ብየዳ ቤት የብረት ማንጠልጠያ ሊያሠሩለት ኖሯል። ምሳ በልተው እስኪመለሱ ከናሙናዎቹ አጠገብ አስቀመጡት። በጋቢ ተጠቅልሎ የመጣ ናሙና አይቼ አላውቅም። ሁለት የገመድ ቀዳዳም ነበረው፤ የጠራቢ ስህተት ነው ብዬ አለፍሁት።

3. እስከዚህ ያለው ስህተት ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ስህተት አይባልም። የመሰርሰሪያው ጫፍ ሲነካው ድንጋዩ ጮኸ። የደብር ልጅ ነኝ፤ ድምፁን አውቄዋለሁ። መሰርሰሪያውን አጠፋሁ። ቆሜ አሰብሁ። ከዚያ መልሼ አበራሁት፤ ስንት እንደሚችል ማወቅ ፈልጌ ነበርና። ከመካከሉ ሰርስሬ ያወጣሁትን ቁራጭ በመጭመቂያ መሣሪያው እስኪፈርስ ተጫንሁት። የቀረው ለሁለት ተከፈለ።

4. መሪጌታ ሲመለሱ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «አብሽር ልጄ፣ ተነሥ» አሉኝ። ቆይተውም «ለመሆኑ ስንት ቻለ?» ብለው ጠየቁ። በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር ሁለት ቶን አልኋቸው። «ሁለት ቶን!» አሉና ዓይናቸውን በድንጋዩ ጋቢ ጠረጉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምዕመኑ አበሠሩት፤ ሕዝቡም እልል ብሏል።

5. ደብሩ ለጊዜው የመኪና ቸርኬ ይደውላል። የትምህርት ቤቱም ደወል ቸርኬ ስለሆነ፣ እሑድ ልጆች ደብተር ይዘው ወጡ፤ ሰኞ ደግሞ አሮጊቶች ነጠላ አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን መጡ። እማማ አልታዬ በገበያ መሐል «አንተ ነህ ሚካኤልን ጎሚስታ ያስመሰልኸው?» ብለውኛል።

ስለዚህ የኅዳር ሚካኤል ሳይደርስ፣ መሪጌታ ከገደሉ ሥር የመረጡትን ድምፅ ያለው ድንጋይ እንዳመጣ የማዕከሉ ፒክአፕ ለአንድ ቀን እንዲፈቀድልኝ፣ ለጥፋቴም ተገቢው ቅጣት እንዲወሰንብኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ለውሳኔ ይረዳ እንደሆነ፦ የመጭመቂያ መሣሪያው ልኩ በባለሙያ ሳይረጋገጥ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ የሚያወጣው ቁጥር እንዳይታመን በጎኑ ተለጥፎበታል።

አንገቴን ደፍቼ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አካሉ በፍቃዱ
የላቦራቶሪ ቴክኒሻን