ሦስተኛው ፔዳል

ውድ ወንድሜ ላይል፣

ስልክ አታነሳም። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ ስለዚህ መደወሉን ትቼዋለሁ። ይህን ደብዳቤ አንተ ባትከፍተው ልጅህ ጆዲ ትከፍተዋለች። እሷ እንዳንተ ግትር አይደለችም።

አሮጌውን ፕሊማውዝህን አልሸጥኩትም። "ሽጪው፣ ዐይኔ እንዳያየው" ብለህ ጆዲ ዘንድ ወደ ነብራስካ ከሄድክ ዘጠኝ ወር ሆነ። ሁለት ገዢዎች መጥተው ነበር። አንደኛው ብርቱካንማ ቀለም እቀባዋለሁ ሲለኝ መውጫውን አሳየሁት። ሁለተኛው ጨዋ ሰው ነበር፤ እሱንም መለስኩት።

የሆነውን ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ ያን ቀን አላስጨረስከኝም።

ስኳሩ ግራ እግርህን ከጉልበት በታች ያስቆረጠህ ሰሞን፣ ሐኪሙ ስለ ሰው ሠራሽ እግር ሲያስረዳህ አንተ ኮርኒሱን ነበር የምታየው። እሱ ሲወጣ "ቨርና፣ እንግዲህ ማርሽ ስቀይር ፍሪሲዮኑን በምን ልረግጠው ነው?" አልከኝ። ስለ ደረጃው የለ፣ ስለ መታጠቢያው የለ፣ ሌላ ምንም አልጠየቅክም። የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስጠግን የኖርኩ ሴት የአንድ ፕሊማውዝ ካምቢዮ መቀየር አያቅተኝም።

አንተ ማገገሚያ ሳለህ፣ ውጭው በረዶ፣ እኔ በአባባ ጋራዥ ውስጥ ከመኪናው ሥር ነበርኩ። ማርሹን በእጅ የሚቀይሩበትን የድሮውን ካምቢዮ አወረድኩ፣ በምትኩ ፍሪሲዮን የማይፈልግ አውቶማቲክ አስገባሁ። የአውራ ጣቴ ጥፍር ተነቅሎ እንደገና እስኪበቅል ሥራው አላለቀም። የፊት ፍሬኖቹንም በአዲስ ቀየርኳቸው፤ የድሮዎቹ ቅዳሜ ቢረግጧቸው ሰኞ የሚይዙ ነበሩ። እዚህ ድረስ አንተም ክፉ አትለኝም ነበር።

ጥፋቴ ከዚህ በኋላ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከብረታ ብረት ሱቁ ፊት መኪናቸውን ደርድረው የሚቆሙትን ሽማግሌዎች አውቃቸዋለሁ። ሞተር ከማየታቸው በፊት፣ እንደምን አደርክ እንኳን ሳይሉ፣ በመስኮት ጎንበስ ብለው ፔዳል ይቆጥራሉ። ሦስት ከሆነ ሰውዬው ሰው ነው። ሁለት ከሆነ ከመካከላቸው ሆይት ቀና ብሎ ሾፌሩን "እማማ፣ ክርና መርፌዎን ቤት ረሱት እንዴ?" ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንተም አብረህ ስቀሃል። በዚያ ቀልድ እንዲስቁብህ አልፈለግኩም።

ስለዚህ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ሳልነቅል ተውኩት። ያንን እጀታው ሽጉጥ የሚመስል የማርሽ ዘንግም በቦታው አቆምኩት። ሁለቱም ከምንም ጋር አልተያያዙም። እውነተኛውን ማርሽ መቀየሪያ በጣት በሚጫኑ ትንንሽ ቁልፎች አድርጌ፣ ጉልበት ከሚሸፍነው ቦታ ከዳሽቦርዱ ሥር ደበቅኩት። ጎሽ ቨርና እያልኩ ነበር የሠራሁት።

ከማገገሚያ ወጥተህ ቤት ከተመለስክ ከሳምንታት በኋላ ጋራዥ ወሰድኩህ፤ ተቀመጥክ፣ መሪውን ዳበስከው። ከዚያ በክራንችህ ጫፍ ፍሪሲዮኑን ገፋ አደረግከው። እንደ ላላ ጥርስ ወዲያ ወዲህ አለ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልከኝ።

"ለዐይን ነው። ማንም አያውቅም።"

"እኔስ? እኔ ማንም ነኝ?"

ክራንችህን ከፔዳሉ ላይ አንስተህ ቀጠልክ።

"የሌለውን ሞተር ስም መኪናው ላይ ለጥፎ ከሚመጣ ሰው ጋር ሰላም ተባብዬ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ ከነሱ ልትደምሪኝ ነው? አውቶማቲክ ነው በያቸው፣ ይሳቁ። እነሱ ገና አልሳቁብኝም፤ በእግሬ ያፈርሽው አንቺ ነሽ።"

እኔም አላረፍኩም። "ለምስጋና ቢስ ሽማግሌ ነው ወገቤን የቆረጥኩት" አልኩህ። በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ነበርክ።

ዘጠኝ ወር አሰብኩበት። እውነትህን ነው። ቁስልህን ልታጥብ ሱሪህን ስትሰበስብ ሁልጊዜ ሥራ አገኝና ከክፍሉ እወጣ ነበር። ድስቱ ሊያርር ነው እልሃለሁ። ምድጃው ላይ ድስት አልነበረም። አይተኸኛል፤ አንድም ቀን አልተናገርክም።

ባለፈው ዓርብ ፔዳሉን ነቀልኩት። አንድ ብሎን ነው፤ አራት ደቂቃ አልፈጀም። ዘንጉንም አውጥቼ ቀዳዳውን በላሜራ ደፈንኩት፣ ቁልፎቹን ሁሉም በሚያያቸው ቦታ ዳሽቦርዱ ላይ አሠርኩ። ቅዳሜ ራሴ እየነዳሁ ሄድኩ።

ሆይት እንደ ልማዱ ጎንበስ አለ። ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ።

"ሁለት ነው" አለ።

"አዎ፣ ሁለት ነው። የላይልም እግር አንድ ነው" አልኩት።

ሁሉም ጫማ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ሆይት ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ።

"ታዲያ አንድ ፔዳል ተርፎታል" አለ።

መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ ሆይት ግን ዐይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "ናፍቆናል በይው" አለኝ። ከመብራት ምሰሶው ሥር ያለው ቦታህ ዘጠኝ ወር ሙሉ ማንም አልቆመበትም። እዚያ ላቁመው ብዬ ነበር፤ "የላይል ነው" ብለው ከለከሉኝ፣ ያውም የአንተኑ መኪና።

የድሮው ካምቢዮ ከጠረጴዛው ሥር በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ አልሸጥኩትም፣ አልጣልኩትም። የመኪናው ማስነሻ ቁልፍ የብሎኖቹ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ሆይት "እማማ" የምትለዋን ቀልዱን ለማንም ሳይናገር ላንተ አስቀምጧታል፤ መጥተህ ተቀበለው።

እኔም ቃል ልስጥህ። ከእንግዲህ ሱሪህን ስትሰበስብ ከክፍሉ አልወጣም። ውሃውን የማመጣልህ እኔ ነኝ።

እህትህ
ቨርና