ሮቶው ላይ የሰቀልኩት አንቴና

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ሦስት መቶ ሊትር ውሃ ጠፋ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ። ቅዳሜም፣ ትናንትም፣ ዛሬም። እሑድ ብቻ ምንም የለም።

ከንዴቴ የተነሳ ጽሑፌ ራሱ ተጣሟል። ውሃ ወደ ሰፈራችን የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ሮቶውን አዋጥተን የገዛነው እኛ ተከራዮቹ ነን፦ እኔ፣ ጨርቅ ነጋዴው ከድር ከሚስቱ ከዘይነባ ጋር፣ እና መምህር ግርማ። ሁለት ሺህ ሊትር ይይዛል። ሐሙስ ከሞላ እስከ ሰኞ ሊያደርሰን ይገባ ነበር። አያደርሰንም። ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ፀጉሬ በሳሙና እንደተለወሰ ቧንቧው ደረቀብኝ።

ስለዚህ ሠራሁት። ከሮቶው ክዳን ሥር የውሃውን ከፍታ የሚለካ ሴንሰር፣ ከጎኑ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሬዲዮ፣ አልጋዬ አጠገብ ደግሞ መዳፍ የምታክል ኮምፒውተሬ። በየአምስት ደቂቃው ቁጥር ይመጣል። መጀመሪያ አልመጣም ነበር፤ የጓሮው ግድግዳ ሲግናሉን ዋጠው። የመዳብ ሽቦ ቆርጬ እንጨት ላይ አሰርኩና አንዱን ሮቶው ላይ፣ አንዱን ጣሪያው ላይ ሰቀልኩ። በአራተኛው ሙከራ ገባ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

መምህር ግርማ አንቴናውን ካየ ወዲህ ስሜን ትቶ «ሳተላይቷ» ይለኛል። ይበል።

አሁን ጥያቄው አንድ ነው። ማን?

ረቡዕ፣ የካቲት 6

መዝገቡን አሳትሜ ለግቢው ባለቤት ለኦቦ ዲንሳ ሰጠሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ ሊትር። መነጽራቸውን አድርገው እስኪሰለቸኝ አነበቡት። ከግንቡ ወዲያ የሚያሠሩት ፎቅ ቤት ጩኸት ስለነበረ እየጮኹ ነው ያወሩኝ።

«ማሽን አይዋሽም፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ለማንም እንዳልናገር፣ እሳቸው እንደሚያጣሩ ነገሩኝ።

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ደስታዬ ለምን እንደቀነሰ አላወቅሁም። የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነኝና፣ ነገ ለቆጠራ ጉደር ከተማ አድራለሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 8

ስመለስ ሁሉም አልቋል። ከድር ነው ተብሏል።

ግርማ ነው የነገረኝ። ኦቦ ዲንሳ ትናንት ማታ ሁሉንም ግቢው መሐል ሰብስበው ወረቀቴን ከፍ አድርገው አሳዩ። ስምንት ሰዓት ከአሥር፣ ስምንት ከአምስት፣ ስምንት ከሩብ። በስምንት ሰዓት ግቢ የሚገባው ማን ነው? ከድር ነው። ሱቁን ዘግቶ ምሳ ሊበላና ሊሰግድ ይመጣል፤ ከመስገዱ በፊት ይታጠባል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ወሩ ሲያልቅ እንዲለቅ ተነገረው።

«ሳተላይቷ፣ ያዝሽው» አለኝ ግርማ እየሳቀ።

እኔስ? አመንኩ። ወረቀቱ ላይ 08:10 ይላል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ደሜ ፈላ። ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ» እያለ፣ እንዴት እንዳደርኩ እየጠየቀ ውሃዬን! ማምሻውን በሩ ላይ ተገናኘን። ሰላም አለኝ። መልስ ሳልሰጠው አለፍኩ። ዘይነባ ከኋላው ነበረች፤ መሬት መሬት ታያለች።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። ሦስት መቶ ሊትር ምን ያደርግለታል?

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ዛሬ ግማሽ ቀን ነው የሠራሁት። ስምንት ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሯን ጭኔ ላይ አድርጌ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። እጅ ከፍንጅ ልይዘው።

ከድር ገባ። ዘይነባ ከጄሪካን ወደ ፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ቀዳችለት። እጁን፣ አፉን፣ ፊቱን፣ ክንዱን፣ እግሩን ታጠበ። ማንቆርቆሪያው እንኳ አላለቀም። የተረፈውን የሎሚዋ ችግኝ ላይ አፈሰሰው።

ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ከቁጥሩ አጠገብ ሰዓቱ፦ 14:10።

የእጅ ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ከአሥር።

ኮምፒውተሯ የምትቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምራ ነው፣ እንደ ፈረንጅ። 08:10 ማለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአሥር ነው! ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ሰዓቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ላይ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት» ስጽፍ የምውል ሰው ነኝ፤ አሮጊቶቹን ሁለቴ አስደግማቸዋለሁ። ወረቀቴ ላይ ግን ጠዋት የሚል ቃል የለም። ሦስት ፊደል ነፍጌ አንድ ቤተሰብ ላስወጣ ነው።

በጠዋቱ ሁለት ሰዓት ግቢው ውስጥ ማን አለ? እኔ ወጥቻለሁ። ግርማ ክፍል ገብቷል፤ ቅዳሜም ማጠናከሪያ ያስተምራል። ከድርና ዘይነባ ሱቅ ናቸው።

እንግዲህ የቀረው ማን ነው?

እሑድ፣ የካቲት 10

ኦቦ ዲንሳ ዘንድ ሄድኩ። ስሕተቱ የእኔ መሆኑን አስረዳኋቸው። ሰዓቱን በጣቴ እየቆጠርኩ አሳየኋቸው። ጥሩ አድርገው ሰሙኝ።

ከዚያ «ሰዓት የማያውቅ ማሽን ምን ይመሰክራል?» አሉኝ። «መጫወቻ ነው። ጣሪያዬ ላይ ያለውን ሽቦሽን አውርጂ።»

ረቡዕ ዕለት የማይዋሽ ማሽን! ወረቀቱ ከድርን ሲከስ እውነት ነበር፤ ነፃ ሲያወጣው መጫወቻ ሆነ።

በጠዋት ሁለት ሰዓት ግቢ የሚቀረው ማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ተከራይ ነሽ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። የረቡዕ ቃል ነው፤ ዛሬ ግን ቀዘቀዘኝ።

ሽቦውን አላወረድኩም። ሮቶው ዛሬም አልጎደለም። እሑድ ነዋ፤ የፎቁ ሠራተኛ የለም።

ሰኞ፣ የካቲት 11

አስፈቅጄ ቀረሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ የጓሮው በር ተከፈተ። አንድ የቀን ሠራተኛ የውሃ ጎማ እየጎተተ ገባ፣ ሮቶው ሥር ገጠመው፣ ሌላውን ጫፍ በግንቡ ላይ ወዲያ ወረወረው። ወጥቼ ያዝኩት። አልደነገጠም። የፎቁ ወለል ኮንክሪት፣ ሶሌታው፣ አዲስ የፈሰሰ ስለሆነ በየጠዋቱ ውሃ መጠጣት አለበት አለኝ፤ ያዘዙት ኦቦ ዲንሳ ናቸው። የማን ውሃ እንደሆነ አያውቅም። በእሱ ልናደድ አልቻልኩም።

ጎማውን ራሴ ነቀልኩት። እስከ ጉልበቴ ራስኩ። ኦቦ ዲንሳ መጡ።

«ግቢው የእኔ ነው» አሉ።

«ውሃው የእኛ ነው» አልኳቸው።

ዞረው ገቡ። ከድር ይቆይ አላሉም። ይሂድም አላሉም።

በቀጥታ ሱቁ ሄድኩ። የተከሰሰው በሰው ፊት ነውና በደንበኞቹ ፊት ቆሜ ተናገርኩ፤ ወረቀቱ የእኔ፣ ስሕተቱ የእኔ፣ ውሃው የሚሄደው ወደ ፎቁ። ከድር የሚለካውን ጨርቅ ለክቶ ጨረሰ፣ ቀደደ፣ አጠፈ።

«የውሃውስ ይቅር፣ ለሊሴ» አለ። «ዓርብ ሰላም ስልሽ ዝም ብለሽኝ አለፍሽ።»

ቤት እንዳየ ነገረኝ፤ እዚያው መንገዱ ዳር፣ ሁለት ክፍል። ቀብድ ስጥ ብለውታል። ይስጥ አይስጥ አልነገረኝም፤ ቀጣዩን ደንበኛ አስተናገደ።

አመሻሽ ላይ በሬ ተንኳኳ። ዘይነባ ናት። «ግቢ» ብላት አልገባም አለች።

«ነገ ጠዋት ውሃው ስንት እንደሆነ ንገሪኝ። ብርድ ልብስ ላጥብ ነው።»

ሰው ብርድ ልብሱን የሚያጥበው ሊለቅ ሲል ነው ወይስ ሊቆይ? አልጠየቅኋትም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እነግርሻለሁ አልኳት።