በአንተ ቱታ የተቀዳው ደም

ለማከብርህ፣ ዛሬ ግን ለተናደድኩብህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? የእማዬ ጉልበት ተሻላት? ሚስትህስ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልህ፣ የላክኸው ደብዳቤ ከደረሰኝ ወዲህ እርር ድብን ብያለሁ።

“ጉድ ልንገርሽና ሳቂ” ብለህ የጻፍከውን አንብቤ አልሳቅሁም። ነርሶች ጋራዣችሁ ድረስ መጥተው ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናችሁትን ወንዶች ለፕሮስቴት ካንሰር ምርመራ ደም ሲቀዱ፣ ሰፈሩ ሁሉ “ብረቱ” የሚልህ ጎሚስታ መርፌ ፈርተህ ጎማ ክምር ጀርባ ተሸሸግህ። አብሮህ የሚሠራው ባሌ ሃምሳ ስላልሞላው አልተጠራም። ደረቱ ላይ ስምህ የተጠለፈበትን ቱታ አልብሰህ በአንተ ስም አስቀዳኸው። እሱም የሚስቴ ወንድም ነው ብሎ ክንዱን ሰጠልህ። ይሁን፣ እስከዚህ ድረስ የጅል ጨዋታ ነው።

ከዚያስ? ክሊኒኩ ደውሎ “ውጤትዎ ከፍ ብሏል፣ ለተጨማሪ ምርመራ ቶሎ ይምጡ” ሲልህ፣ “እኔ እንደሆን ጤነኛ ነኝ፣ ምን አለፋችሁ” ብለህ ዘጋህባቸው! ኧረ ለመሆኑ ጭንቅላትህ የት ሄዷል? ደሙ የማን ነው? የባሌ አይደለም ወይ? የልጆቼ አባት አይደለም ወይ?

አንተማ ቁጣዬን ስለምታውቅ ስልክ አታነሳም። ለባሌ ብደውል፣ “ወንድምሽ ቀልዶብሽ ነው፣ ደግሞ ምንም አላመመኝም” ብሎ ሳቀብኝ። አንተን ላለማጋለጥ ነው የሚዋሸኝ። አይ ወንድነት! ለሥራ ርቄ በመጣሁበት እዚህ ሆስፒታል እጥበት ቤት፣ “ምንም አላመመኝም” ሲሉ ቆይተው የመጡ ወንዶችን አንሶላ የማጥበው እኔ ነኝ። ውጤቱ ከፍ ስላለ ብቻ ካንሰር ነው ማለት እንዳልሆነ ነርሶቹ ነግረውኛል፤ ሳይዘገይ መታየቱ ግን ግድ ነው። ፈርቻለሁ ጋሼ፣ በጣም ፈርቻለሁ።

እና ስማኝ። ደብዳቤ የማደርስበት የአውቶቡስ ሾፌር ይህን ሲሰጥህ የያዝከውን ጎማ ጣል። ባሌን ይዘኸው ሂድና ነርሷ ፊት ቆመህ “የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ደሙ የሱ ነው” በል። እፍረት አይገድልህም። ከዚያ አንተም ክንድህን ስጥ፤ እስካሁን የአንተን ደም ያየው ሰው የለም።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፤ ይህን ግን አትንገራት። ለሚስትህ ሰላም በልልኝና ለሷ ሁሉንም ንገራት፤ ብታንገራግር ጎትታ የምትወስድህ እሷ ናት። ልጆቼን ዓይናቸውን ሳምልኝ። ለባሌ ሰላምታ አልላክሁም። ክሊኒኩ ወረፋ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ሁለታችሁም በየራሳችሁ ስም ስትጠሩ፣ ያኔ “ሰላም ብላሃለች” በለው።

የተቆጣችው እህትህ
ከሆስፒታሉ እጥበት ቤት፣ ማክሰኞ ግንቦት 12 ቀን