ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የት ታድራለች?

ሰበታ፣ ጥር 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ራቢአ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሻል? የሆስፒታሉ የሌሊት ተራሽ አለቀ ወይስ አሁንም ሰው ሲተኛ አንቺ ቆመሽ ታድሪያለሽ? እኔና ልጅሽ ሚንሃ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደብዳቤ መጻፌ አይግረምሽ። ስልኩ ይቆራረጣል፤ ሳይቆራረጥም አንቺ “እሺ እማ፣ እሺ እማ” እያልሽ ነገሬን ሳልጨርስ ትሰናበቺኛለሽ። የባለሱቁ የከድሩ ወንድም የህያ ዕቃ ሊገዛ ወደ ዶሃ ስለሚመጣ በእጁ ልኬልሻለሁ። ተቀምጠሽ አንብቢው።

አስቀድሜ የፈራሽውን ልጻፍልሽ። በታኅሣሥ መንገዱ የተዘጋ ዕለት ሚንሃ ምንም አልሆነችም። ተማሪዎቹ ገበሬውን ከመሬቱ ያነሣል ስለተባለው ማስተር ፕላን እየጮኹ ከክፍል ወጡ፤ በጅማ መንገድ ላይ ጎማ ተቃጠለ፤ ሚኒባስ ቆመ፤ ተኩስም ተሰማ። እኔ ጃንጥላዬን ይዤ ልጅሽን ላመጣ ወጣሁና ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ አላሳልፍ አሉኝ። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ጎረቤታችን ኦቦ ደገፋ በባሕር ዛፉ መካከል ብቅ አለ። በአንድ እጁ ሚንሃን፣ በሌላው የራሱን ልጅ ገለቴን ይዟል። በማሳው አቋርጦ ነው ያመጣቸው።

“አካም ኦልተን እትዬ ሃዋ፣ አደራዎን ይረከቡ” አለኝ።

ሚንሃ ፊቷ አመድ መስሏል፤ ቢሆንም “እምዬ፣ ጃንጥላው ለምንድነው? ደመና እንኳ የለም” አለች።

“ለጥይቱ ነዋ!” አለ ኦቦ ደገፋ። አራታችንም እዚያው መንገድ ዳር ሳቅን።

ባለፈው ሳምንት ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ኦቦ ደገፋ ግን “በሰኔ መሬቴን ሳርስ አምናለሁ” ይላል። ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል፤ ግን አንድ ቀን ይማራሉ፣ አንድ ቀን ይበተናሉ። ስለዚህ ሚንሃ ውጭ አገር ወጥታ ትማር ማለትሽ ትክክል ነው። በዚህ አልተከራከርኩሽም፤ የተከራከርኩሽ በየትኛው ነው። አንቺ የሕንዱን አዳሪ ትምህርት ቤት አልሽ፣ የሥራ ባልደረቦችሽ ልጆች ጥሩ ውጤት አምጥተውበታል ብለሽ። እኔ የኬንያውን አልኩ። ሚንሃም የሕንዱን አለች፤ ምክንያቷ በፎቶግራፉ ላይ ሴት ተማሪዎች ፈረስ ሲጋልቡ ማየቷ ነው። “ፈረስ ከሆነ ሱሉልታ ሞልቶልሻል” አልኳት።

ልጅ የሚሰጥ ሰው ያጠያይቃል። አንቺን ሽማግሌ ልከው የጠየቁን ጊዜ አባትሽ እሺም እምቢም ሳይል ተፍኪ ድረስ ወርዶ የባልሽን የሙሐመድአሚንን ጎረቤቶች አንድ በአንድ ጠይቋል። መልካም ልጅ ነው ብለው መሰከሩ፤ መልካምም ነበር፣ ዕድሜ አጣ እንጂ። አላህ ለሁለቱም ይዘንላቸው። እንግዲህ ለባል እንዲህ ከተጠየቀ ለአዳሪ ትምህርት ቤት የማይጠየቅበት ምክንያት አይታየኝም። በየወረቀታቸው ላይ የጻፉትንማ አነበብኩት። ሁለቱም ስለ ራሳቸው መልካም መልካሙን ብቻ ጽፈዋል። ሙሽራም ስለ ራሱ ቢጽፍ እንደዚሁ ነው።

በኬንያው የከድሩ የእኅት ልጅ አሪጅ ትማራለች። ከድሩ ሱቅ ሄጄ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ አገናኘኝ። ምግቡ ደህና ነው፣ መስጊድ ቅርብ ነው፣ ብርዱ እንደ እኛ አገር ብርድ ነው አለችኝ። በስንት ሰዓት እንደምትተኛ፣ ልብሷን ማን እንደሚያጥብ፣ ትኩሳት ሲይዛት ማን እንደሚጠብቃት ጠየቅኳት።

“እትዬ፣ ይቺን ልጅ ሊድሯት ነው እንዴ?” አለ ከድሩ ምስማር እየመዘነ።

“አንተ ሚዛንህን ተመልከት” አልኩት።

የአሪጅ መልስ ሁሉ ደስ አሰኘኝ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ልቤ ወደ ኬንያ ካደላ ቆይቷል። ጠዋት የተነሣ ሰው ለምሳ ይደርሳል። ብቻ ያልጠየቅኩት አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፤ እሱን ደግሞ የሚመልሰው ተማሪ ሳይሆን ኃላፊ ነው።

በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሳስተምር ክረምት ሲገባ የነበረውን ታስታውሻለሽ። ልጆቹ ሻንጣቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። ከሩቅ አገር ዘመድ እየመጣ ይወስዳቸዋል። ለአንዳንዱ ግን ወንዝ ሞልቶ፣ ወይም መልእክቱ ሳይደርስ፣ ወይም አላህ በሚያውቀው ምክንያት ሰው አይመጣም። እግር በሰሙ ቁጥር ቀና ይላሉ፤ የእነርሱ ሰው እንዳልሆነ ከአረማመዱ ሲያውቁ ደግሞ አንገታቸውን ይደፋሉ። እንዲህ ያሉትን ነው ቤት እያመጣሁ ካንቺ ጋር አስተኛቸው የነበረው። “ብርድ ልብሴን ወሰደችብኝ” ብለሽ ያለቀስሽባት ልጅ ዛሬ ሆሳዕና ዳኛ ናት። አዳሪ ትምህርት ቤት ምን ዓይነት እንደሆነ የሚታወቀው ሲዘጋ ነው።

ስለዚህ ሁለቱንም ደውዬ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ። እንግሊዝኛዬ አርጅቷል፤ ግን ትምህርት ቤት የተማርኩት በአለንጋ ስለሆነ አይጠፋም። “ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የሚመጣላት ያጣች ልጅ የት ታድራለች?” አልኩ።

የኬንያዋ ድምፀ ለስላሳ፣ በጣም ትሑት ሴት ናት። “የእኛ ወላጆች ኃላፊነት የሚሰማቸው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ልጅ የለንም” አለችኝ።

“በዚህ ዓመት ነው ወይስ አምናም?” አልኩ።

“መቼም አጋጥሞን አያውቅም፣ እመቤቴ።”

ስልኩ ሲዘጋ ከድሩ አጨበጨበ። “አለፉ!”

“ወደቁ” አልኩት።

“ምን አጠፉ ደግሞ?”

“ሰው ያልመጣለት ልጅ የሌለበት አዳሪ ቤት አይቼ አላውቅም። የለም የሚል ሰው ሄዶ አላየም።”

የሕንዱ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆየ። ከድሩ ካርዱ እንዳያልቅ ሱረቱል ፋቲሃ መቅራት ጀምሮ ነበር። በመጨረሻ የሴቶች መኝታ ቤት ኃላፊ መጣች፤ ሸምገል ያለች ትመስላለች። ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኳት።

“አሁን ዝግ ነን” አለች። “ዘንድሮ ሦስት ቀርተውልኛል። ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ነው የሚተኙት፤ ትንሿ ጨለማ ስለምትፈራ በሩን አልዘጋውም። በቴሌቪዥን ሲጣሉ ውለው ትናንት ነቅዬ ወሰድኩባቸው።”

ወዲያው ደግሞ “የእርስዎ ልጅስ የሚመጣላት ሰው አላት?” አለችኝ።

መርማሪዋ ስመረመር ከድሩ አጎንብሶ የተደባለቀ ምስማር ይለይ ጀመር። “እናት አላት” አልኩ።

ልጄ፣ የሕንዱ ይሁን። አንቺ ባልሽው ምክንያት አይደለም፤ ለሚንሃ ፈረስም አይደለም። ማታ ነገርኳት።

“ኬንያ ቅርብ ነው ስትዪ አልነበር?” አለች።

“ቅርብነቱ ለእኔ ነበር።”

“እዚያ ማን ይጨቀጭቀኛል ታዲያ?”

“ቴሌቪዥን የምትነቅል ሴት አግኝቼልሻለሁ” አልኳት። ሳቀችና መጥታ እግሬ ሥር ተኛች። ይህን ያደረገችው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ኦቦ ደገፋም ሰምቶ በአጥር በኩል “እኛ መሬታችንን አንሰጥም ብለን ስንጮህ እርስዎ ልጅ ሰጡ?” አለኝ። የእሱ ገለቴ እኮ ከሚንሃ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የምትቀመጠው፤ እሷን የሚወስድ አውሮፕላን የለም። ሚንሃ ስትሄድ መጻሕፍቷ ለገለቴ ይሰጣሉ፤ ሒሳብም እኔ ዘንድ መጥታ ትማራለች። ይህን ወስኛለሁ።

አሁን ያንቺ ተራ ነው። ለዚያች ሴት የሰጠሁት ቃል ያንቺ ቃል ነው። በየካቲት መጨረሻ ይከፈታልና ፈቃድሽን ጠይቀሽ ነይ፤ ልጅሽን በራስሽ እጅ ወስደሽ አስረክቢ። ሲዘጋም አንቺ ሄደሽ ውሰጃት። የባልደረባሽ እኅት ሕንድ አለች፣ እሷ ትረከባታለች ብለሽኛል፤ አመስግኛት፣ ግን እሷን አላውቃትም፤ አንቺም አታውቂያትም። ሆስፒታሉ እምቢ ቢልሽ አስቀድመሽ ንገሪኝ፤ ሚንሃ ሻንጣዋን ከያዘች በኋላ እንዳይሆን። ሦስት ዓመት ሙሉ “በሚቀጥለው ዒድ እመጣለሁ” ብለሻል። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ እችለዋለሁ። ልጅ ግን አይችለውም።

“ሚንሃ ከሄደች ብቻሽን እንዳትሆኚ ክፍል አከራዪ” ያልሽኝን ተቀብያለሁ። የበረንዳውን ክፍል ከአዲስ አበባ ለመጡ ባልና ሚስት ሰጥቻለሁ፤ ጎሕ ሳይቀድ ለሥራ የሚወጡ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ያንቺንም ክፍል ይጨምሩልን ብለው ነበር። ጣራው ያፈሳል አልኳቸው።

“እትዬ፣ በጥር?” አለች ሚስትየዋ።

ያፈሳል ብያለሁ፣ ያፈሳል።

እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳን፤ የሰው ሌሊት የምትጠብቂውን ያህል አላህ ያንቺን ይጠብቅ። መልስሽን የምትመጪበትን ቀን ጽፈሽበት ላኪ።

እናትሽ ሃዋ